«በቃኝ»ን ያመነው ምግብ ቤት

ማዕድ ላይ ሰው «በቃኝ» ሲል እውነትም በቅቶት ነው ብሎ ከሚያምን ሕዝብ ጋር መኖር ቀላል እንዳይመስልህ፣ ወዳጄ። ሲያትል ከመጣሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዝናቡን ለምጄዋለሁ። ጎረቤቴ ከእኔ ይልቅ ውሻዬን በስሙ መጥራቱንም ለምጄዋለሁ። ይህችን ግን አልለመድኳትም፤ ለመልመድም ሐሳቡ የለኝም።

የእኛን ሕግ አንተ ታውቀዋለህ። የመጀመሪያው «በቃኝ» ሆዳም እንዳይሉህ ነው። ሁለተኛው ያሳደጉህን ሰዎች ስም ለማስጠራት ነው። ሦስተኛው ላይ ጋባዡ «በሞቴ» ይላል፤ አንተም «ኧረ ለዚህ ብሎ ሞት!» ትልና እጅህን ትሰዳለህ። ሳይለመን የበላ ስግብግብ ነው። ተለምኖ ያልበላ ደግሞ ኩራተኛ ነው። ጨዋ ሰው በሁለቱ መሐል ነው የሚበላው። ይህ ሕግ የት ተጽፏል ብትለኝ አላውቅም፤ ግን ጥሶት ያልታማ ሰው አላየሁም።

ዲቪ ደርሶኝ እንደመጣሁ ሥራዬ መኪና ማቆሚያ ጥበቃ ነበር። አለቃዬ ደግ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ለልደቷ ነው መሰለኝ ትልቅ ኬክ ይዛ መጣች። ቆርሳ ትፈልጋለህ ወይ ስትለኝ እኔም እንዳደግሁት አንገቴን ደፍቼ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ኦኬ» ብላኝ ሄደች። ኦኬ! ቁርስ አልበላሁ፣ ምሳ አልቋጠርኩ። ትመለሳለች ብዬ እስከ ሥራ መውጫዬ ዓይን ዓይኗን ሳያት ዋልኩ። እሷ ግን እየሳቀች ለሌላው ታድላለች። ማታ ቶላ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ፣ ከእኔ በፊት የመጣ የወለጋ ልጅ፣ ጉዳዩን ሰምቶ እንባው እስኪመጣ ሳቀብኝ። እዚህ አገር የሚጠየቀው አንዴ ነው፤ ያቺ አንዷ ካመለጠችህ አመለጠችህ አለኝ። ከዚያ ወዲያ መስታወት ፊት ቆሜ «የስ፣ ፕሊስ» ማለት ተለማመድኩ። እስከ ዛሬም «የስ» ባልኩ ቁጥር እናቴ ከኋላዬ ቆማ ክንዴን የምትቆነጥጠኝ ይመስለኛል።

ባለቤቴ አልማዝ ግን ይህን ትምህርት አልተቀበለችም። አንድ ጊዜ ሾርላይን ያለው ቤታችን ቧንቧው ፈሶ ሠራተኛ ጠራን። ሰውዬው ጨርሶ ሊሄድ ሲል አልማዝ ጥብስ አቀረበችለት። ኖ ማም አላት። ደገመችለት፤ ኖ ማም። ሦስተኛ ስትለው ፈርቶ ይመስለኛል ተቀመጠ። በላ። ጣቱን እየላሰ በላ። ያ ሰውዬ ዛሬ ሳይጠራ ይመጣል። በዚህ በኩል ሳልፍ ቧንቧውን ልየው ብዬ ነው ይላል። ቧንቧው ደህና ነው። የሰውዬው ዓይን ግን ምድጃው ላይ ነው። እንግዲህ ፍረደኝ፤ ኋላ ቀሩ ማን ነው? ሰውን ከነረሃቡ «ኦኬ» ብሎ የሚሸኘው ወይስ የእኛ ቤት?

ይህን ሁሉ የማወራህ ወደ አውሮፓ ምግብ ቤቶች ልወስድህ ነው። መቼም የእኛ ሰው ሻል ያለ ሥራ ሲይዝ መጀመሪያ የሚያደርገው መኪና መቀየር ነው፤ ሁለተኛው ፈረንሳይ ቤት ሰው መጋበዝ ነው። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ሦስት ዓይነት ሹካ፣ እንደ ቀብር ዝግ ያለ ሙዚቃ። ሥልጣኔ ነው ይሉሃል። እኔ ግን እዚያ ስገባ የሚታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም ማንንም አይለምንም። «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት አባቶቻችን እዚያ ቢገቡ ፍትፍቱንም ፊቱንም ሳያገኙ ይወጡ ነበር።

በዚህ ጉዳይ መዝገቤ ንጹሕ አይደለም። ልጄ ሜሮን ነርስነት ስትመረቅ ጣልያን ቤት ገብተን፣ እያንዳንዳችን ለየብቻችን ሳህናችን ላይ ስናቀረቅር አንጀቴ አልችል አለ። አንድ ትልቅ ትሪ አምጣና ሁሉንም እዚያ ላይ ገልብጥልን ብዬ አስተናጋጁን ለመንኩት። አይሆንም አለኝ። እኔው ገለበጥኩት። ሜሮን እዚያው አለቀሰች፤ ሳምንት ሙሉም አላናገረችኝም።

እናም ባለፈው ሜሮን ፈረንሳይ ቤት ምሳ አለብን ስትል ቀድማ ቃል አስገባችኝ። ነገሩ ከባድ ነበር። ሜሮን ኤሪክ የሚባል፣ እዚሁ አጠገብ ታኮማ ያደገ ፈረንጅ ልታገባ ነው። ዝምተኛ ነው፤ ሆስፒታል አብረው ነው የሚሠሩት። እኔ ወድጄዋለሁ። የአልማዝ ልብ ግን በአክስቷ በእትዬ ወርቄ እጅ ነው። እትዬ ወርቄ አልማዝን ከሕፃንነቷ ያሳደጉ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው፤ ከባሕር ዳር መጥተው እኛ ጋ ሦስት ወር ተቀምጠዋል። አልማዝ እሳቸው ካልመረቁ ሠርግ የለም ብላለች፤ ካለች ደግሞ አለች ነው። እትዬ ወርቄ ግን ሦስት ወር ሙሉ ስለ ልጁ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነበር። ሰው የሚታወቀው ማዕድ ላይ ነው፤ አብሬው ልብላና ልየው ይላሉ። ሰኞ ሊሳፈሩ እሑድ ደረሰ። ኤሪክ ደግሞ ሊያከብራቸው ብሎ ከተማው ውስጥ አለ የተባለውን ፈረንሳይ ቤት ያዘ።

«ዳዲ፣ ፕሊስ» አለችኝ ሜሮን መኪናውን ፓርክ ሳደርግ። «ዛሬ ሲን እንዳትፈጥር። አስተናጋጁን ምንም እንዳትለው። ፕሮሚስ?»

ፕሮሚስ አልኳት። በልጄ ትዳር ልቀልድ?

አንድ ነገር ግን ልብ በል። የመጣነው ከቅዳሴ ቀጥታ ነው። እትዬ ወርቄ ሊያስቀድሱ ከሆነ ከዋዜማው ጀምሮ እህል ውኃ በአፋቸው አይዞርም። ሲገቡ አልማዝን ተደግፈው ነበር፤ ነጠላቸውን አስተካክለው እንደ ንግሥት ተቀመጡ እንጂ።

አስተናጋጁ ጢሙ የሸበተ፣ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነበር። ክንዱ ላይ ነጭ ፎጣ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ። መጀመሪያ የዱባ ሾርባ አመጣ። እትዬ ወርቄ አማተቡ፣ ሁለት ማንኪያ ቀመሱ፣ ማንኪያውን አስቀመጡ። የሚያስቀምጡት ለምን እንደሆነ እኔና አልማዝ እናውቃለን። የሚለምን ሰው እየጠበቁ ነው። አስተናጋጁ መጣና ጨርሰዋል ወይ አለ። ሜሮን አስተረጎመች። በቃኝ ልጄ አሉ። ሜሮን እሱንም አስተረጎመች፤ አንዲት ቃል ሳታዛባ። ሳህኑ ተነሣ። ኤሪክ ምናልባት አልጣማቸው ይሆን ብሎ ተጨንቆ ሌላ ይምጣ እንደሆን ጠየቀ። ጠግቤያለሁ አሉት። ኦኬ አለ። ያቺ ኦኬ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይታ እዚህ ጠረጴዛ ላይ መጣችብኝ።

አልማዝን በጠረጴዛው ሥር ረገጥኳት። እሷም መልሳ ረገጠችኝ። ሜሮን በዓይኗ ፕሮሚስህን አስታውስ አለችኝ።

ከዚያ ዓሣው መጣ። ወዳጄ፣ እትዬ ወርቄ ጣና ዳር የተወለዱ ሰው ናቸው። ዓሣ ሲያዩ ፊታቸው የልጅ ፊት ይሆናል። በቅቤ የተጠበሰ ሳልመን ነው፣ ቆዳው የተቆላ፣ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። አንዴ ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ምን አደረጉ? ሹካና ቢላዋውን በሥርዓት ጎን ለጎን ሳህኑ ላይ አጋደሙና እጃቸውን አጣመሩ። አየህ፣ በእሳቸው ቤት ይህ ሆዳም አይደለሁም፣ እስቲ ለምኑኝ ማለት ነው። በፈረንሳዮቹ ቤት ደግሞ ሹካና ቢላዋ ጎን ለጎን ከተኛ ውሰዱልኝ ማለት ነው። አስተናጋጁ ከኋላቸው መጥቶ ጨርሰዋል ወይ አለ፤ በቃኝ አሉ፤ ዓሣው ሄደ።

የእትዬ ወርቄ ዓይን ሳህኑን እስከ ኩሽናው በር ድረስ ሸኘው። አልማዝ ውኃዋን ጠጣች። ኤሪክ ምስኪኑ ፈገግ ብሎ ያያቸዋል፤ እምቢታቸውን ያከበረላቸው መስሎታል። እትዬ ወርቄ ወደ አልማዝ ዘንበል ብለው በዝግታ ተናገሩ። «ልጁ መልኩም ጠባዩም ደህና ነው። ግን ሰው ሲራብ አያይም። እንዲህ ያለ ቤት ልጄን አልሰድም።»

ሜሮን ሰማች። ፊቷ አመድ መሰለ። ነገ ይሳፈራሉ፣ ምርቃቱ ቀረ፣ ሠርጉም ቀረ፤ ይህ ሁሉ በአንዲት በቃኝ። ለኤሪክ እንዳትነግረው ምኑን ትንገረው? እሷ ራሷ በሕፃንነቷ መጥታ እዚህ ያደገች ልጅ ናት፣ ሕጉን የምታውቀው በግማሽ ነው። እኔ ደሜ ፈላ። ቃል ገብቻለሁ፤ እውነት ነው። ግን የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ዓሣ ከፊታቸው ተነጥቀው ተርበው ሲሄዱ ዝም ያለ ሰው ቃሉን ጠበቀ ይባላል? ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ አልኩና ቀጥታ ኩሽናው በር ላይ አስተናጋጁን ያዝኩት።

ሁሉንም ነገርኩት። ሴትዮዋ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፣ እምቢ ያሉህ ስለ ጨዋነታቸው ነው፣ አንተ ደግሞ አመንካቸው አልኩት። ሰውዬው ደነገጠ። ሲቀጠር የተማረው እንግዳ አይሆንም ካለ ሁለተኛ እንዳይጠይቅ ነው፤ መጨቅጨቅ ነውር ነው አለኝ። እኔም በእኛ ዘንድ አንዴ ጠይቆ መተው ባትበላ ደስ ይለኛል ማለት ነው አልኩት። ስንት ጊዜ ልጠይቅ ታዲያ አለ። ሦስት። የምልህ ቀልድ አይደለም፣ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጻፈው። ሦስተኛው ላይ «በሞቴ» የሚባል ቃል አለ ብዬ አስጠናሁት። ትርጉሙን ስነግረው ቀና ብሎ አየኝ። ለአንድ ቁራጭ ዓሣ ነው እንዴ የምሞተው አለኝ። እኛ ለአንድ ጉርሻም እንሞታለን፣ አይዞህ፣ እስካሁን የሞተ የለም አልኩት።

ተመልሼ ስቀመጥ ሜሮን ጠርጥራኛለች። ብዙም ሳይቆይ አስተናጋጁ አዲስ ዓሣ ይዞ መጣ። ገና ከእሳት የወጣ፣ የሚጨስ። እትዬ ወርቄ በቃኝ አሉ። ሰውዬው አልሄደም። እንደገና ጠየቀ። በቃኝ አልኩህ ልጄ አሉ፤ ድምፃቸው ግን ላላ ብሏል። ሰውዬው ሳህኑን በሁለት እጁ ያዘ፣ ትንሽ ጎንበስ አለ።

«በሞቴ» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ። ዓሣውን ነፍስ ይማር። ድንቹም፣ ቅጠሉም፣ ዳር ዳሩን የተቀባው መረቅም በዳቦ ተጠርጎ ሄደ። የእትዬ ወርቄ ጉንጭ ቀላ። ኤሪክ ግራ ገብቶት ሜሮንን ምንድን ነው የሆነው አላት። እሷም ነገረችው። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። ሾርባው ሲሄድ እኔ ምን ብዬ ነበር አለ። ኦኬ ነው ያልከው አለችው። ዓሣውስ ሲሄድ? ዝም ብለህ ፈገግ አልክ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ያንን ቃል አስጠኚኝ አላት። በጆሮው እያንሾካሾከች ስታስጠናው አየኋቸው። እኔማ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። አገር ያቀናሁ መሰለኝ።

እዚህ ላይ ብንነሣ ኖሮ ዛሬ ሌላ ወግ ነበር የምነግርህ።

አልተነሣንም። አስተናጋጁ በአዲሱ ሙያው ልቡ ሞቆ አይብ ይዞ መጣ። የፈረንሳይ አይብ ታውቃለህ? አረንጓዴ ሻጋታ ያበቀለ፣ የሽታው ነገር ባይነሣ ይሻላል። እትዬ ወርቄ አዩት። ተበላሽቶባቸዋል፣ በዘዴ ንገሯቸው፣ እንዳያፍሩ አሉን። ሰውዬው ሆን ተብሎ እንደሚሻገት፣ ከቤቱ ሁሉ ውዱ እሱ እንደሆነ በኩራት አስረዳ። እትዬ ወርቄ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በቃኝ አሉ። ይህን በቃኝ እኔና አንተ እናውቀዋለን፤ የእውነቱ በቃኝ ነው። እጅ ከተነሣና ፊት ከዞረ ነገር አልቋል። ለአስተናጋጁ ግን ይህንን አላስተማርኩትም ነበር። ለእሱ አንደኛው በቃኝ ነው።

ሁለተኛ ጠየቀ። እትዬ ወርቄ እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሦስተኛውን ሊጠይቅ ሲል ኤሪክ ተነሣ። ሳህኑን ከአስተናጋጁ ተቀበለ፣ በሁለት እጁ ያዘ፣ ከወገቡ ጎንበስ አለ። «እትዬ ወርቄ፣ በሞቴ» አለ።

ከዚህ መውጫ የለም። የልጅ ልጃቸውን ሊያገባ የመጣ ሰው፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ በራሱ ሞት ሲለምን እምቢ ይባላል? ሰባ ስምንት ዓመት የኖሩበት ሕግ ነው። አማተቡ። ወሰዱ። አላመጡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ኤሪክ ተነክተው መስሎት እሱም ሊያለቅስ ደረሰ። ዋጡት። ውኃ ጠጡ። ሌላ ውኃ ጠጡ። ከዚያ እጃቸውን ልጁ ራስ ላይ ጫኑ።

«የለመነኝ አፍህ አይድረቅ፤ ያቀረበልኝ እጅህ አይጠር። ቤታችሁ እንግዳ የሚጠግብበት ቤት ይሁን» አሉት። ወደ ሜሮን ዞረው ደግሞ፣ «ውሰጂው» አሏት።

አልማዝ እልልታዋን በዚያ በነጭ ፎጣ አፈነችው። ሜሮን አለቀሰች፤ በዚህኛው ምግብ ቤት ያለቀሰችው ግን በደስታ ነው። እኔም አልደብቅህም፣ ዓይኔን በፎጣው ጠረግኩ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። እትዬ ወርቄ ይህን ለምኖ ማብላት ለፈረንጆቹ ያስተማረው ማን ነው ብለው ሜሮንን ጠየቁ። እሷ አስተረጎመች። አስተናጋጁ በታላቅ ምስጋና በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። እትዬ ወርቄም ከቀረው አይብ ትልቁን፣ በጣም አረንጓዴውን መርጠው ወደ እኔ ዘረጉት። በቃኝ አልኳቸው። እንደገና በቃኝ አልኳቸው። በሞቴ አሉኝ። «ባፍ ይጠፉ በለፈለፉ» ማለት ይህ ነው። ሁለት ቀን በየሄድኩበት ሸተተኝ።

ቢሆንም አልጸጸትም። ሜሮን ከዚያ ስንወጣ አቅፋኝ፣ ፕሮሚስህን ብታፈርስም ታንክ ዩ ዳዲ አለችኝ። አንድ የፈረንሳይ ምግብ ቤት በቃኝን አንዴ ሰምቶ ማመን ትቷል። ነገም ብባል አደርገዋለሁ። ወደ ሾርላይን ስነዳ ይህን ሁሉ እያሰብኩ አፏጭ ነበር። እትዬ ወርቄ ጎኔ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ሊያመሰግኑኝ ቃል እየመረጡ ነው ብዬ ጠበቅኳቸው።

«ልጅ ጌታሁን» አሉ በመጨረሻ፣ «ሾርባውና ዓሣው ሲሄዱብኝ ከፍቶኝ ነበር፣ አልዋሽም። ያንን አይብ ሳየው ግን እሰይ አልኩ፤ አንዴ እምቢ ስል የሚያምነኝ አገር ዛሬ ገና አገኘሁ አልኩ። ባሕር ዳር ያለው ሰው በቃኝ ስል አምኖኝ አያውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ በሞቴ እየተባልኩ ስንት የማልፈልገውን በላሁ መሰለህ! አንድ የሚያምነኝ ፈረንጅ ባገኝ፣ እሱንም አስተማርክብኝ።»